ከማስረጃው የቀደመ ተስፋ፦ ቫይታሚን ዲ እና የኩላሊት ሕሙማን ሕፃናት ልብ

እ.ኤ.አ. በ2000 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ አንድ ጥናት፣ ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመና በእጥበት የሚኖሩ 39 ልጆችንና ወጣቶችን ልብ በሲቲ ስካን መርምሮ ነበር። ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት በታች ከሆኑት 23 መካከል የልብን ጡንቻ የሚመግቡት የደም ቧንቧዎች በካልሲየም የጠጠሩበት አንድም አልተገኘም። ከ20 እስከ 30 ዓመት ከሆናቸው 16 ወጣቶች ውስጥ ግን በ14ቱ ላይ ተገኘ። በሽማግሌ ላይ ቢታይ ብዙም የማያስገርም ጉዳት በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ መድረሱ፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሕፃን ልብ ከአዋቂነት በፊት መታሰብ እንዳለበት ያመለከተ ውጤት ነበር። በዚያው ጥናት ቧንቧቸው የጠጠረባቸው ወጣቶች ካልጠጠረባቸው ይልቅ ለረጅም ዓመታት በእጥበት የቆዩ ሲሆኑ፣ ፎስፌትን ለመቀነስ ተብሎ ይወስዱት የነበረው የካልሲየም መጠን ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነበር። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ለሚከተለው ክርክር ግን ዋነኛው ነው።

ከዚያ ወዲህ የእነዚህን ሕፃናት ልብ ለመጠበቅ ከቀረቡት ሐሳቦች መካከል እንደ ቫይታሚን ዲ የተወደደ ጥቂት ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ እጥረቱ በሕሙማኑ ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው፤ ስሙም በሕዝብ ዘንድ የታወቀና የማያስፈራ ነው። በመሆኑም በጥቂት ሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶች የልብ አልትራሳውንድ ውጤት ተሻሻለ ባሉ ቁጥር፣ ቫይታሚን ዲ «ልብን ይጠብቃል» የሚለው አነጋገር ከመደምደሚያ አንቀጽ ወደ ክፍል ትምህርት፣ ከክፍል ትምህርትም ወደ መድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ሲሸጋገር ይታያል። የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው፦ ቫይታሚን ዲ ለእነዚህ ሕፃናት መሰጠት አለበት፤ የሚሰጠው ግን ለአጥንታቸውና ለፓራታይሮይድ ዕጢያቸው ነው። በልብ ስም መስጠት ገና ማስረጃ አላገኘም፤ ከልክ ሲያልፍም ልብን ሊጎዳ ይችላል።

ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይጠቅማል። ቆዳ በፀሐይ ጨረር የሚያዘጋጀው ወይም ከምግብና ከማሟያ የሚገኘው ጥሬው ቫይታሚን ዲ በጉበት ውስጥ ወደ 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ ይለወጣል፤ ላቦራቶሪ የሰውነትን ክምችት ለማወቅ የሚለካው ይህንን ነው። የመጨረሻውን እርምጃ ፈጽሞ የነቃውን ቫይታሚን ዲ፣ ማለትም ካልሲትሪዮልን፣ በዋናነት የሚያወጣው ኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም ፎስፌትን ማስወገድ ይከብደዋል። በዚህ ጊዜ ኤፍጂኤፍ-23 የተባለ ከአጥንት የሚመነጭ ሆርሞን ፎስፌት በሽንት እንዲወጣ ለማድረግ ይበዛል፤ ይኸው ሆርሞን ግን ኩላሊት የነቃውን ቫይታሚን ዲ እንዳያመርት ያግዳል፤ ያለውም ቶሎ እንዲፈርስ ያደርጋል። ካልሲየም ያንሳል፤ የፓራታይሮይድ ሆርሞን ይጨምራል፤ በማደግ ላይ ያለ አጥንትም ይጣመማል። እስከዚህ ድረስ ብዙ ክርክር የለም።

ልብ ወደዚህ ታሪክ የገባው በቤተ ሙከራና በመዝገብ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የቫይታሚን ዲ ተቀባይ እንዳይኖራቸው በተደረጉ አይጦች ላይ ሬኒን የተባለው የደም ግፊትን የሚያንቀሳቅስ ኢንዛይም ሲጨምር፣ ግፊታቸው ከፍ ሲልና የልብ ጡንቻቸው ሲወፍር ታየ። በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ ከ67,000 በላይ የእጥበት ሕሙማንን መዝገብ ያገላበጠ ጥናት፣ ፓሪካልሲቶል የተባለውን አዲስ የነቃ ቫይታሚን ዲ የወሰዱት ካልሲትሪዮል ከወሰዱት ይልቅ የተሻለ በሕይወት የመቆየት ዕድል እንደነበራቸው አስታወቀ። ሥነ ሕይወቱና መዝገቡ አንድ አቅጣጫ ያመለከቱ መሰለ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ሥራ ኤፍጂኤፍ-23 ራሱ የልብን ጡንቻ በቀጥታ እንደሚያወፍር በእንስሳት ላይ አሳየ። የነቃው ቫይታሚን ዲ ደግሞ ኤፍጂኤፍ-23ን የሚጨምር መሆኑ የታወቀ ነው። እንግዲህ ከሥነ ሕይወት ብቻ ለሚነሣ ሰው፣ መድኃኒቱ ሬኒንን በመቀነስ ልብን ይጠብቃል ማለትም፣ ኤፍጂኤፍ-23ን በመጨመር ልብን ያወፍራል ማለትም እኩል ይቻለዋል።

እንዲህ ያለውን ሙግት የሚፈታው በዕጣ ድልድል የተካሄደ ሙከራ ነው፤ በአዋቂዎች ዘንድ ሙከራው ተካሂዶአል። ፕሪሞ የተባለውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ሙከራ ኩላሊታቸው የደከመ 227 ሕሙማንን ለ48 ሳምንታት ተከታትሎ፣ ፓሪካልሲቶል የልብን ጡንቻ ክብደት ከማስመሰያው የተለየ እንዳልለወጠው አገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከሆንግ ኮንግ የወጣው ኦፔራ የተባለው ሙከራም ወደዚያው መደምደሚያ ደረሰ። በሁለቱም የደም ካልሲየም ከልክ ማለፍ መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ በዝቶ ታይቶአል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የጃፓኑ ጄ-ዴቪድ 976 የእጥበት ሕሙማንን ለዓመታት ተከታትሎ፣ አልፋካልሲዶል የልብና የደም ሥር አደጋዎችን እንዳልቀነሰ አሳወቀ። የኩላሊት ሕመም ለሌለው ሕዝብም ቢሆን 25,871 ሰዎችን ያሳተፈው ቫይታል የተባለው የአሜሪካ ሙከራ በቀን 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ የልብ አደጋን እንደማይቀንስ አስረድቶአል። እ.ኤ.አ. በ2017 የተሻሻለው የኬዲጎ ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ ወደ እጥበት ያልደረሱ አዋቂዎች የነቃውን ቫይታሚን ዲ በልማድ እንዳይወስዱ የመከረው በፕሪሞና በኦፔራ ውጤት ምክንያት ነው። ለሕፃናት ግን በሩን አልዘጋም፤ የሚያድግ አጥንት ካልሲየም ይሻልና።

«ሕፃን ትንሽ አዋቂ አይደለም» የሚለው የሕክምና ትምህርት አባባል እዚህ ላይ በትክክል ይነሣል። ሕፃኑ የስኳር በሽታም ሆነ የሲጋራ ታሪክ የለውም፤ ስለዚህ በእርሱ ልብ ላይ የሚታየው የኩላሊት ሕመም ጉዳት ከሌላ ነገር ጋር ብዙም ያልተቀላቀለ ነው። በአዋቂው ላይ ያልሠራ መድኃኒት በሕፃኑ ላይ ሊሠራ ይችላል የሚለው ግምትም ምክንያታዊ ነው። ግምቱን የሚሞግተው ግን ከሕፃናት የተገኘ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሩክሻና ሽሮፍና ባልደረቦቻቸው ለንደን ውስጥ በእጥበት ላይ ያሉ 61 ልጆችን መርምረው ነበር። የነቃው ቫይታሚን ዲ በደማቸው ያነሰባቸው ልጆች የአንገት ደም ቧንቧ ግድግዳቸው የወፈረና ካልሲየም የተጠራቀመባቸው ሆነው ተገኙ፤ ይህ የተጠበቀ ነበር። ያልተጠበቀው፣ መጠኑ የበዛባቸውም ተመሳሳይ ጉዳት ማሳየታቸው ነው። የመጠኑና የጉዳቱ ግንኙነት በሥዕል ሲቀመጥ ወደ ታች እንደ ጎበጠ ቅስት ነው፤ ከሁለቱም ጫፍ ከፍ፣ ከመካከል ዝቅ ይላል።

ይህ ቅስት ሊታለፍ የማይገባው ከእርሱ ሁለት ነገር ስለሚከተል ነው። አንደኛ፣ ግንኙነቱ እንዲህ ከሆነ መጠንን ከጉዳት ጋር በአንድ ቀጥተኛ መስመር የሚያያይዝ የስታቲስቲክስ ስሌት ሁሉ ያሳስታል፤ ሁለቱ ጫፎች ይጣፋሉና «ግንኙነት የለም» ይላል፣ ወይም ናሙናው ያዘነበለበትን ጫፍ ብቻ ያሳያል። ሁለተኛ፣ ጥያቄው «ይሰጥ ወይስ አይሰጥ» መሆኑ ቀርቶ «ምን ያህል፣ በየትኛው ቅርጽ፣ በማን ቁጥጥር» ወደሚል ይለወጣል። ከላይ የተጠቀሰው የ2000 ጥናት ስለ ካልሲየም መጠን ያለው ሲታከልበት ሥዕሉ ይሟላል፦ ካልሲየም ያለው የፎስፌት መቀነሻና የነቃ ቫይታሚን ዲ አብረው ከልክ ሲያልፉ፣ ለአጥንት የታሰበው ካልሲየም ማረፊያውን በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ያገኛል።

በቫይታሚን ዲ ማሟያ የልብ ሁኔታ ተሻሻለ የሚሉት የሕፃናት ጥናቶች የሚለኩት ምንድን ነው? በአብዛኛው የደም ቧንቧን የመለጠጥ አቅም፣ የአንገት ቧንቧን ግድግዳ ውፍረትና የግራውን ታችኛ የልብ ክፍል ጡንቻ ክብደት ነው። እነዚህ ተወካይ አመልካቾች እንጂ የልብ ድካም ወይም ሞት አይደሉም፤ ፕሪሞና ኦፔራ በዚሁ ዓይነት አመልካች ላይ ለውጥ አለማግኘታቸውም መታወስ አለበት። የሕፃን ልብ ክብደት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ልቡ ከአካሉ ጋር ስለሚያድግ ክብደቱ ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ስለዚህ በቁመት ይካፈላል፤ የተለመደው ስሌትም ቁመትን 2.7 ጊዜ ለራሱ ያባዛል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሕፃን በቁመት ከእኩዮቹ ያነሰ ነው። በቁመት መለኪያው ላይ የተፈጠረች ትንሽ ስሕተት በዚህ ስሌት ገዝፋ ትወጣለች። በጥናቱ ወራት ሕፃኑ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢጨምር ልቡ ምንም ሳይለወጥ ውጤቱ «ተሻሻለ» ሊል ይችላል። ማነጻጸሪያ ቡድን በሌለበት፣ ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ ብቻ በተለካ ጥናት፣ የእድገትን ድርሻ ከመድኃኒቱ ድርሻ መለየት አይቻልም።

በተጨማሪም በጥናት ውስጥ የገባ ሕፃን ክትትሉ ይጠብቃል። ቀጠሮው አይዘለልም፤ የግፊት መድኃኒቱ ይስተካከላል፤ የደም ማነሱ ይታከማል፤ እናቱ ስለ ጨው ትመከራለች። እነዚህ ሁሉ ልብን ይጠቅማሉ። ከስድስት ወር በኋላ ምስጋናውን የሚወስደው ግን የጥናቱ ርእስ የሆነው ጠብታ ነው።

የቫይታሚን ዲ ማነስ ራሱ የበሽታው ጥላ ሊሆን እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። በኔፍሮቲክ ሲንድረም የታመመ ሕፃን ከፕሮቲን ጋር ቫይታሚን ዲን በደም ውስጥ የሚሸከመውን ፕሮቲን ጭምር በሽንቱ ያጣል፤ ላቦራቶሪው ዝቅተኛ ቁጥር የሚጽፈው በከፊል ተሸካሚው ስለጠፋ ነው። ታሞ የከረመ ልጅ ከቤት አይወጣም፤ ፀሐይ አያገኝም፤ ምግብም አይበላም። እብጠትና ብግነት ሲኖሩ ቁጥሩ ያንሳል። እንዲህ ሲሆን ዝቅተኛ ቫይታሚን ዲና የተጎዳ ልብ በአንድ ሕፃን ላይ አብረው መገኘታቸው፣ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያሳይም። በአንድ ጊዜ ደም ተወስዶ በአንድ ጊዜ ልብ የሚታይባቸው ጥናቶች ቢበዙም ይህን ጥያቄ አይፈቱትም።

በአንጻሩ ጠንካራ ማስረጃ ያለበት ቦታ አለ። የለንደኑ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው ሙከራ 47 የኩላሊት ሕመም ያለባቸውን ሕፃናት በዕጣ ደልድሎ፣ ኤርጎካልሲፌሮል የፓራታይሮይድ ሆርሞን ከልክ ማለፍን እንደሚያዘገይ አሳይቶአል። ውጤቱ ከልብ አንጻር ምንም አይልም፤ ስለ አጥንት ግን በቂ ይላል። በአውሮፓ የሕፃናት ኩላሊት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ምክርም ክምችቱ በሊትር ከ75 ናኖሞል በላይ እንዲሆን የሚያሳስበው በዚህ መሠረት ላይ ቆሞ ነው። ጥሬውን ቫይታሚን ዲ በየዕለቱ ወይም በየሳምንቱ በልክ መስጠት፣ ካልሲየምንም እየለኩ መቀጠል የሚገባ ሕክምና ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ መቶ ሺህ ዩኒት መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በስብ ውስጥ የተከማቸ መድኃኒት ካልሲየም ሲያሻቅብ ተመልሶ አይወጣም፤ ሐኪሙም ለሳምንታት ከመጠበቅ በቀር የሚያደርገው ጥቂት ነው።

የልቡ ጥያቄ ግን መልስ አልባ አይደለም። መልሱ ከቫይታሚን ጠርሙስ ይልቅ ከግፊት መለኪያው ዘንድ ይገኛል። በሰሜን አሜሪካ የኩላሊት ሕመም ያለባቸውን ሕፃናት የሚከታተለው ሲኪድ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ውጤት፣ 38 በመቶ የሚሆኑት ክሊኒክ ውስጥ ሲለካ ደህና የሚመስል፣ በ24 ሰዓት ክትትል ግን ከፍ ያለ የደም ግፊት ነበራቸው። የልብ ጡንቻ መወፈር የተገኘው ግፊታቸው በሁለቱም መንገድ ደህና ከሆነው ሕፃናት 8 በመቶ፣ ግፊታቸው ከተደበቀው 20 በመቶ፣ ግልጽ ከሆነው 34 በመቶ ላይ ነበር። ይህም የምልከታ ጥናት ነውና ከላይ የተነሣው ጥርጣሬ እርሱንም ይመለከታል። ሆኖም የደም ግፊትን የማከም ጥቅም በዕጣ ድልድል ጭምር ተፈትኖአል፦ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ኤስኬፕ የተባለው የአውሮፓ ሙከራ 385 ሕፃናትን ለአምስት ዓመታት ተከታትሎ፣ ግፊትን ጠበቅ አድርጎ መቆጣጠር ኩላሊት የሚደክምበትን ፍጥነት እንደሚቀንስ አረጋግጦአል፤ ኩላሊታቸው በእጅጉ የተዳከመው በአንዱ ወገን 29.9፣ በሌላው 41.7 በመቶ ነበሩ። ኩላሊቱ የቆየለት ሕፃን ወደ እጥበት የሚገባበት ቀን ይርቃል፤ ቧንቧን የሚያጠጥረው የእጥበት ዘመንም ያጥራል።

ይህ ክርክር በኢትዮጵያ ሁኔታ ሲታይ ሁለት ተቃራኒ ፈተናዎች አሉበት። የመጀመሪያው ፀሐይ በቂ ናት ብሎ መተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ በአዳማ ከተማና በዙሪያው ባለው ገጠር በ174 ተማሪዎች ላይ የተካሄደ ጥናት 42 በመቶ ያህሉ እጥረት እንዳለባቸው አግኝቶአል፤ በከተማው 61.8፣ በገጠሩ 21.2 በመቶ። እነዚህ የኩላሊት ሕሙማን አልነበሩም፤ በትምህርት ገበታቸው ላይ ያሉ ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት ላይ የወጣው የአዲስ አበባ ጥናትም ሪኬትስ በሳንባ ምች በታመሙ ሕፃናት ላይ ከሌሎቹ 13 እጥፍ ገደማ እንደሚገኝ ያሳየ ነው። ጠዋት ጠዋት ሕፃን ፀሐይ የማሞቅ መልካም ልማድ ባለበት አገር እንኳ እጥረቱ እውነት ነው። ለኩላሊት ሕመምተኛው ሕፃን ደግሞ ፀሐይዋ ብትኖርም የመጨረሻውን እርምጃ የሚፈጽመው አካል ደክሟል።

ሁለተኛው ፈተና የበለጠ ያሳስባል። ካልሲየም፣ ፎስፌትና የፓራታይሮይድ ሆርሞን በየቀጠሮው መለካት በማይቻልበት ቦታ፣ የነቃውን ቫይታሚን ዲ «ለልቡም ይጠቅማል» በሚል ተጨማሪ ምክንያት ከፍ አድርጎ ማዘዝ፣ ሕፃኑን ከቅስቱ ግራ ጫፍ አንሥቶ ሳያዩት ወደ ቀኝ ጫፍ ማሻገር ነው። ወላጅ ከኪሱ ከፍሎ የሚያስመረምር ከሆነ፣ የ25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ ምርመራ ከካልሲየምና ከፎስፌት ምርመራ በፊት ሊታዘዝ አይገባም። ጥሬውን ቫይታሚን ዲ በልክ ለመጀመር ቁጥሩን ማወቅ የግድ ላይሆን ይችላል፤ የነቃውን ለመቀጠል ግን ካልሲየምን ሳያውቁ መሄድ አይቻልም።

ለመመረቂያ ጥናት ርእስ ለሚፈልግ ተመራማሪ የተከፈተው መስክም እዚህ ላይ ነው። እጥረት ላለበት ሕፃን ማስመሰያ መስጠት ከሥነ ምግባር ጋር ስለሚጋጭ፣ የሚያዋጣው ሁለት የመጠን ግቦችን በዕጣ ድልድል ማነጻጸር ነው፦ አንዱ ለአጥንት የሚበቃ፣ ሌላው ከዚያ ከፍ ያለ፤ ለሁለቱም ካልሲየም ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ መድኃኒቱ የሚቆምበት ሕግ አስቀድሞ ተጽፎ። የግፊት ሕክምናው በሁለቱ ወገን አንድ ዓይነት ይሁን፤ ከፎስፌት መቀነሻው የሚገባው ካልሲየም በሚሊ ግራም ይመዝገብ፤ የልብ አልትራሳውንዱን የሚያነበው ሰው ሕፃኑ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አይወቅ። አንድ ሆስፒታል ብቻውን በቂ ሕፃናት አያገኝም፤ በአውሮፓ ፎር-ሲ የተባለው ጥናት 700 ያህል ሕፃናትን ለማሰባሰብ 12 አገሮች አስፈልገውታል። የሪፈራል ሆስፒታሎች በአንድ ቅጽ መመዝገብ ቢጀምሩ ግን መዝገቡ ራሱ የሙከራው መሠረት ይሆናል። ቅጹ ከቫይታሚን ዲ ዓምድ በፊት ሊኖሩት የሚገቡ ሁለት ዓምዶች አሉ፦ የሕፃኑ ቁመት በጥንቃቄ ተለክቶ፣ ደም ግፊቱም ለክንዱ ልክ በሆነ መጠቅለያ ተወስዶ።